የማላዊ ሲክሊድ ለሚጀምር፦ የትኛው ዓሣ? የትኛው ማጣሪያ?

«ርዝመቱ 120 ሴንቲ ሜትር የሆነ ባለ 240 ሊትር ገንዳ አለኝ። በቀለማቸው ተማርኬ የማላዊ ሲክሊድ (የማላዊ ሐይቅ ዓሣ) ላስገባ ነው፤ ግን እርስ በርስ ይባላሉ ይላሉ። በየትኞቹ ልጀምር? ማጣሪያውና አሸዋውስ?»

ወንድሜ፣ ገንዳህ ጥሩ ነው። ለእነዚህ ዓሦች ከጥልቀት ይልቅ ርዝመት ይጠቅማል፤ የሚባረረው የሚሸሽበት ይፈልጋል።

ጀማሪ ከሆንክ ቢጫውን ላቢዶክሮሚስ ያዝ። ሎሚ የመሰለ ቢጫ ሆኖ በጀርባ ክንፉ ላይ ጥቁር መስመር አለው፤ ድንጋይ ለድንጋይ ከሚኖሩት ምቡናዎች ውስጥ ረጋ ካሉት አንዱ ነው። ለአንድ ወንድ ሦስት ወይም አራት ሴት አድርግ። ኦራተስ የሚባለውን ምቡና ግን ተወው። ሕፃን ሳለ ቢጫና ጥቁር መስመሩ ዓይን ይስባል፤ ወንዱ ሲያድግ ይጠቁርና ገንዳውን በሙሉ የራሱ ያደርገዋል። እኔ ጋ አንዱ ብቻውን ሦስት ላቢዶክሮሚሶችን ከማሞቂያው ጀርባ ጥግ አስይዞ አገኘሁ፤ የጅራታቸው ጫፍ ተቦጫጭቆ ነበር። ያን ቀን አወጣሁት። ዴማሶኒ የሚባለው ምቡናም ቆንጆ ነው፤ ግን ሁለት ሦስት ብቻ ከሆኑ ደካማው አይተርፍም፣ ቢያንስ 12 ይሁኑ።

ከማጣሪያ ካኒስተሩን፣ ማለትም ከገንዳው ውጭ የሚቀመጠውን ባለ ቱቦ ማጣሪያ እመርጣለሁ። ጠቡ በአንዱ ላይ እንዳይበረታ ዓሣው በዛ ብሎ ስለሚገባ ቆሻሻውም ይበዛል፤ የስፖንጅ ማጣሪያ ብቻውን አይችለውም። ስፖንጁን ለጫጩቶቹ ገንዳ አቆየው፣ እዚያ ወደር የለውም።

አሸዋ? የቧንቧ ውሃህ ጠጣር (ማዕድን የበዛበት) ከሆነ ተራው ይበቃል። ለስላሳ ከሆነ አራጎናይት የሚባለውን የኖራ አሸዋ ግዛ፣ ፒኤቹን (የውሃውን የአሲድነት መለኪያ) ከፍ አድርጎ ይይዝልሃል፤ ከ7.8 እስከ 8.6 ይስማማቸዋል። ድንጋዩን መጀመሪያ ከገንዳው ወለል ላይ አስቀምጥ፣ አሸዋው ከዚያ በኋላ ይፈስሳል። ይቆፍራሉ፤ በአሸዋ ላይ የቆመ ድንጋይ ተንዶ መስታወት ይሰብራል።

ምግብ ስፒሩሊና (የአልጌ ዓይነት) ያለበት ይሁን። ምቡና በተፈጥሮው ከድንጋይ ላይ አልጌ የሚግጥ ነው፤ ሥጋ ሥጋውን ካበዛህበት ሆዱ ይነፋል።

«በሁሉም እስማማለሁ፤ ስለ መለኪያው ልጨምር። ኤፒአይ የተባለውን ኩባንያ የውሃ መመርመሪያ፣ ማስተር ኪቱን ስትጠቀም ተራው የፒኤች ጠርሙስ ከ7.6 በላይ አያሳይም። ‹ሃይ ሬንጅ› የሚለውን ተጠቀም። አዲስ ዓሣ በምታስገባበት ቀን ደግሞ ድንጋዮቹን አዛውራቸው፤ የድሮዎቹም ቦታቸው ስለሚጠፋ ሁሉም እኩል ይጀምራሉ።»

እውነት ነው እህቴ፣ ይህን ረስቼው ነበር። አንድ ነገር ደግሞ፦ ሴቷ ጉሮሮዋ አብጦ መብላት ካቆመች መድኃኒት እንዳትጨምር። እንቁላሉን በአፏ ይዛ ነው፤ ሦስት ሳምንት ገደማ ጠብቃት።