ለጠቅላላ ጉባኤ የምናቀርበው የጃኩዚ ግዢ ሐሳብ፦ ረቂቅና አስተያየት

ጸሐፊው፦ ሰላም ለሁላችሁ። ባለፈው እንደተነጋገርነው፣ የገስት ሀውስ ባለቤቶች ማኅበራችን አንድ የጋራ ጃኩዚ፣ ማለትም አረፋና ግፊት ያለው የሙቅ ውሃ ገንዳ፣ ገዝቶ ማራኪ ሰፈር ባለው የአባላችን ግቢ ያስቀምጥ የሚለውን ሐሳብ ወደ ጽሑፍ ላምጣው። ምክንያቱን ታውቁታላችሁ። ሰሜን ተራራ ወጥቶ የሚመለስ እንግዳ ከደባርቅ መኪና ላይ ሲወጣ ጉልበቱ አልታጠፍ ብሎት ነው። ጎንደር ሲገባ መጀመሪያ የሚጠይቀው ሙቅ ውሃ ነው። ከትልልቆቹ ሆቴሎች ጋር በክፍል ብዛት አንወዳደርም፤ በዚህ ግን እንችል ይሆናል። ገንዘባችን መካከለኛ ነው። እኔ ያሰብኩት፦ ስድስት ሰው የሚይዝ፣ አክሪሊክ (የሚያብረቀርቅ ጠንካራ ፕላስቲክ)፣ ጄቱ (ውሃ በግፊት የሚረጭበት ቀዳዳ) የበዛ፣ የቀለም መብራት ያለው። በሉ እናንተ ደግሞ ጨምሩበት።

የአራዳዋ፦ ወንድምዓለም፣ የቀለም መብራቱ ለምንድን ነው? እንግዳው ጨረቃ አይበቃውም? በዚያ ላይ እንግዶቻችን ሁለት ሦስት ሆነው ነው የሚመጡት። የአራት ሰው ይበቃል። ውሃም፣ መብራትም፣ ቦታም ይቆጥባል።

የአዘዞው፦ አሜሪካ ያለው የእህቴ ልጅ እዚያ በቅናሽ አዲስ ገዝቶ በኮንቴይነር ሊልክልን ይችላል። ብራንዱም የታወቀ ነው። እኔ ይህን መንገድ እደግፋለሁ።

ኤሌክትሪሽያኑ፦ ጋሼ፣ አባል ባልሆንም ስለጠራችሁኝ ልናገር። የአሜሪካ ዕቃ የሚሠራው በ60 ኸርዝ ነው፤ ኸርዝ ማለት ኤሌክትሪኩ በሰከንድ የሚመላለስበት ብዛት ነው። የእኛ መብራት 220 ቮልት፣ 50 ኸርዝ ነው። ትራንስፎርመር ቮልቱን ይቀይራል፣ ኸርዙን ግን አይነካውም። ስለዚህ ለ60 የተሠራ የፓምፕ ሞተር እዚህ ፍጥነቱ በስድስተኛው ያህል ይቀንሳል፤ እየጋለ ቆይቶም ሊቃጠል ይችላል። የልጁ ደግነት ደግነት ነው፤ ከላከም ዕቃው ላይ በተለጠፈው የመረጃ ሰሌዳ «50 ኸርዝ» የተጻፈበትን ይላክ። ለአውሮፓ ገበያ የተሠራ ወይም ለ220 ቮልት የተሠራ የቻይና ዕቃ እዚህ ይሠራል።

የአዘዞው፦ እሺ፣ ይህን አላሰብኩትም ነበር። እነግረዋለሁ።

ገንዘብ ያዧ፦ እኔ ከዕቃው ዋጋ በፊት ሌላውን ወጪ ልየው። የጅቡቲ ማጓጓዣ አለ፣ ጉምሩክ አለ፣ 15 በመቶ ቫት አለ። ቀረጡ የሚሰላው ደግሞ በዕቃው ዋጋ ብቻ ሳይሆን መጓጓዣውና ኢንሹራንሱ ተደምሮበት ነው። ከዚያ የሲሚንቶ መደብ፣ የኤሌክትሪክ መስመር፣ ስታቢላይዘር፣ ተጨማሪ ሮቶ። ስለዚህ ረቂቁ ላይ ይግባልኝ፦ የጃኩዚው የራሱ ዋጋ ካለን ገንዘብ ከግማሽ መብለጥ የለበትም። ሁሉንም ዕቃው ላይ አውጥተን ማገናኛ ገመድ የምንለምን እንዳንሆን።

የፒያሳው፦ ታዲያ የሚነፋውን የፕላስቲክ ለምን አንገዛም? በጣም ርካሽ ነው፣ ይገጠማል፣ ሲያስፈልግ ተጣጥፎ ይቀመጣል።

ኤሌክትሪሽያኑ፦ ለቤተሰብ ከሆነ ጥሩ ነው። ለእንግዳ ግን አልመክርም። የጎንደር ፀሐይ ፕላስቲኩን ቶሎ ታደርቀዋለች። ማሞቂያው 2 ኪሎዋት ገደማ ነው፤ ብዙዎቹ ሞዴሎች ላይ ደግሞ አረፋው ሲበራ ማሞቂያው ይጠፋል። ግድግዳው አየር ብቻ ስለሆነ መብራት በሄደ ቁጥር ሙቀቱን ቶሎ ያጣል። እዚህ መብራት እንደሚሄድ ደግሞ ለእናንተ አልነግራችሁም።

የማራኪዋ፦ ግቢው የእኔ ስለሆነ የውሃውን ነገር ላንሳ። ፋሲል መዋኛን ለጥምቀት የሚሞላው ቀሃ ወንዝ ነው። እኔ ቀሃ የለኝም፤ በፈረቃ የሚመጣ ቧንቧ ነው ያለኝ። ሰፈርተኛው ጀሪካን ይዞ ሲሰለፍ እኛ ገንዳ ሞላን ብንል ያስተዛዝባል።

ጸሐፊው፦ ትክክለኛ ጥያቄ ነው እትዬ። ሒሳቡን ላሳይ። የአራት ሰው ጃኩዚ ወደ 1,000 ሊትር ይይዛል። ውሃው በየሰው አይቀየርም፤ በፊልተር ይጣራል፣ በክሎሪን ይታከማል። ብዙ ሰው በሚጠቀምበት ገንዳ የመቀየሪያው ጊዜ የሚወሰነው በቀን በሚገባው ሰው ቁጥር ነው። በቀን አራት ሰው ከገባበት በየ3 ሳምንቱ ገደማ ይቀየራል። ያ ማለት ለአንድ ሰው 12 ሊትር ያህል ነው፤ አንድ ተራ የቤት መታጠቢያ ገንዳ ለአንድ ጊዜ ከሚፈጀው በብዙ ያነሰ። እርግጥ እንግዳው ከመግባቱ በፊት ሻወር መውሰድ ስላለበት ያም ይደመራል። ግን ለፎቅ ክፍሎች መታጠቢያ ገንዳ ከማስገባት ይህ ይሻላል።

የማራኪዋ፦ እንዲህ ከሆነ መልካም። ቢሆንም ሮቶው የሚሞላው ሌሊት፣ ፈረቃችን ሲደርስ ብቻ እንዲሆን ይጻፍልኝ።

የአራዳዋ፦ ማሞቂያውስ? የመብራት ቆጣሪው ምን ያህል ይቆጥራል?

ኤሌክትሪሽያኑ፦ 1,000 ሊትር ውሃ ከ18 ዲግሪ ወደ 38 ለማድረስ 23 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ይፈልጋል። ባለ 3 ኪሎዋት ማሞቂያ 8 ሰዓት ይፈጅበታል፣ ባለ 2 ወደ 12 ሰዓት። ግን ጣሪያችሁ ላይ የሶላር ውሃ ማሞቂያ አለ አይደል? ከሶላሩ 300 ሊትር በ55 ዲግሪ ካስገባችሁና የቀረውን በቀዝቃዛ ከሞላችሁ፣ ገንዳው ከ29 ዲግሪ ይጀምራል። የኤሌክትሪኩ ሥራ ከግማሽ በታች ወረደ ማለት ነው። አንዴ ከሞቀ በኋላ ትልቁ ነገር ክዳኑ ነው። ሙቀት በብዛት የሚያመልጠው በላይ በኩል ነው። ቀጭን ክዳን ያለው ጃኩዚ ርካሽ ቢመስልም በየወሩ ያስከፍላችኋል። ጎኑ በሙሉ በፎም የተሞላ፣ ክዳኑ ወፍራምና የሚቆለፍ ይሁን። ጎንደር ውሃ በረዶ የሚያደርግ ብርድ ስለሌለ ለውርጭ መከላከያ ተብሎ የሚጨመር ነገር ካለ ግን ገንዘብ አታባክኑበት።

ሌላው፣ ፓምፑ አንድ ይሁን። ሁለት ሦስት ፓምፕና ሃምሳ ጄት ያለው ዕቃ ሲበላሽ እዚህ ማን ይጠግነዋል? አንድ ፓምፕ፣ አንድ ማሞቂያ፣ ቀላል መቆጣጠሪያ ከሆነ እኔም ሌላ ባለሙያም እንከፍተዋለን። ትርፍ የማሞቂያ ኤለመንት፣ የፓምፕ ሲልና ሁለት ፊልተር ከዕቃው ጋር አብሮ ይምጣ። ለብቻው 30 ሚሊአምፕ ላይ የሚቆርጥ መከላከያ ብሬከርና ግራውንድ ሳይገጠም እኔ እጄን አላስገባበትም።

የፒያሳው፦ ጣሪያ ላይ ብናወጣውስ? የግንቡ ዕይታ ያምራል።

ኤሌክትሪሽያኑ፦ ውሃው ብቻ አንድ ቶን ነው። አራት ሰውና ገንዳው ሲጨመሩ አንድ ቶን ተኩል። ማሐንዲስ ሳያየው አይሆንም።

ገንዘብ ያዧ፦ ዕይታው ፎቶ ላይ ይበቃናል። አንድ ነገር ላስገባ፦ ዋስትና። ፕሮፎርማዎቹን ሳይ አብዛኛው ዋስትና «ለመኖሪያ ቤት አገልግሎት» ይላል። እንግዳ እያስከፈልን ከተጠቀምንበት አይሠራም ማለት ነው። ስለዚህ ሻጩ «ለገስት ሀውስ ነው» ብለን ጠይቀነው በጽሑፍ እስኪመልስ ድረስ ቅድሚያ ክፍያ አንከፍልም። በቃል «ችግር የለም» የሚል ሻጭ ለእኔ አልመለሰም።

የአዘዞው፦ ትክክል። አክሪሊኩስ? ወይስ ሌላ ይሻላል?

ጸሐፊው፦ አክሪሊክ ያምራል፣ ለማጽዳትም ይቀላል። ግን በመንገድ ላይ ከተሰነጠቀ እዚህ መጠገኑ ከባድ ነው። እንደ ሮቶ በአንድ ቅርፅ የሚወጣው የፕላስቲክ ገንዳ ውበቱ ይቀንሳል፣ ጉዞን ግን ይችላል፣ ዋጋውም ዝቅ ይላል። ከሞጆ ደረቅ ወደብ ጎንደር ያለውን መንገድ ሳስበው ልቤ ወደ ሁለተኛው አዘነበለ።

የአራዳዋ፦ ጤናውን አትርሱ። ሙቅ ውሃ በደንብ ካልታከመ ለባክቴሪያ ይመቻል። ክሎሪንና ፒኤች (የውሃው የአሲድነት መጠን) በየቀኑ በመለኪያ ወረቀት ይታይ፤ ክሎሪኑ ከ3 ፒፒኤም (በሊትር 3 ሚሊግራም) እንዳይወርድ፣ ፒኤቹ ከ7.2 እስከ 7.8። ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ አይለፍ። እርጉዝ፣ የልብና የደም ግፊት ሕመምተኛ ሐኪም ሳያማክር አይግባ። መጠጥ ጠጥቶ የመጣ ደግሞ ጭራሽ አይግባ፤ ይህንን ለጥምቀት ሰሞን በትልቁ ለጥፉት።

ጸሐፊው፦ ጥሩ። እንግዲህ የተሻሻለው ሐሳብ ይህን ይመስላል፦ ማኅበሩ አራት ሰው የሚይዝ፣ ባለ 220 ቮልትና 50 ኸርዝ፣ አንድ ፓምፕና 3 ኪሎዋት ማሞቂያ ያለው፣ ሙሉ ፎምና የሚቆለፍ ወፍራም ክዳን ያለው፣ እንደ ሮቶ በአንድ ቅርፅ የወጣ አዲስ የፕላስቲክ ጃኩዚ ይገዛል፤ ዋጋው ከገንዘባችን ከግማሽ አይበልጥም፤ ትርፍ ዕቃ አብሮ ይመጣል፤ ዋስትናው ለእንግዳ አገልግሎት መሆኑ በጽሑፍ ይረጋገጣል፤ የሚቀመጠው መሬት ላይ፣ በማራኪው ግቢ ነው፤ ውሃው በሌሊት ፈረቃ ይሞላል። የቀለም መብራቱ ወጥቷል።

የማራኪዋ፦ በየቀኑ ክሎሪን የሚለካው ማን ነው? እኔ አይደለሁም።

ገንዘብ ያዧ፦ የእኔ ጥበቃ ማታ ማታ ነፃ ነው፣ ልጁም ጎበዝ ነው። ደመወዙ ላይ ከማኅበሩ ትንሽ ይጨመርለትና ይሠልጥን።

ጸሐፊው፦ ገባ። ኤሌክትሪሽያኑ ቅዳሜ መስመሩን ያያል፤ ሦስት ፕሮፎርማ ሳይሰበሰብ ግን ጉባኤ አልጠራም።