የባሕር ዛፍ ዘይት ለሕፃን ይሰጣል ወይ?

ጥያቄ፦
ልጄ 1 ዓመት ከ8 ወሩ ነው። ጉንፋን ይዞት አፍንጫው ተደፍኗል፤ ሌሊቱን ሲያንኮራፋ ያድራል። ጎረቤቴ 10 ሚሊ ሊትር የምትይዝ የባሕር ዛፍ ዘይት ጠርሙስ ሰጥታኝ «ሁለት ጠብታ በሻይ፣ አንድ ጠብታ በአፍንጫው» አለችኝ። ጠርሙሷ ላይ «መቶ በመቶ ተፈጥሯዊ» ከሚል በቀር የተጻፈ ነገር የለም። ቅጠሉን ታጥነን ስላደግን አልፈራሁም ነበር። ክዳኑን ስከፍተው ግን ዓይኔን አስለቀሰኝና እጄ ተያዘ። ምን ትላላችሁ?

የፋርማሲ ባለሙያ፦
እኅቴ፣ እንኳን ተያዘ። በአፉም በአፍንጫውም እንዳትሰጪው። ለመድኃኒት ከሚዘጋጀው የነጭ ባሕር ዛፍ ዘይት ቢያንስ 70 በመቶው ሲኒዮል የሚባል ንጥረ ነገር ነው። ከተዋጠ ቶሎ ወደ ደም ገብቶ አንጎልን ያደነዝዛል። አንድ የሻይ ማንኪያ፣ ማለትም የጠርሙስሽ እኩሌታ፣ ሕፃንን ራሱን ሊያስተውና ሊያንቀጠቅጠው ይችላል፤ ከዚያ ባነሰም የታመሙ ልጆች አሉ። አፍንጫው ውስጥ ሲገባ ደግሞ ጉሮሮውን በድንገት አኮማትሮ ትንፋሽ ሊያሳጣው ይችላል። ለአፍንጫው ከፋርማሲ የሚሸጠው የጨው ውሃ ጠብታ ይበቃዋል። ትንፋሹ ከፈጠነ ወይም ሲተነፍስ ከጎድኑ ሥር ወደ ውስጥ ከተሰረጎደ ሐኪም ዘንድ ውሰጂው።

የኬሚስትሪ መምህር፦
ቅጠሉና ዘይቱ አንድ አይደሉም። ያችን ጠርሙስ ለመሙላት አንድ ኪሎ ግድም እርጥብ ቅጠል ይፈጃል። ደግሞም ዘይቱ በውሃ አይሟሟም። ብርጭቆ ውሃ ላይ አንድ ጠብታ ጣይና እዪው፤ ተንሳፎ ይቀራል። ሻይ ውስጥም ያው ነው፤ ልጁ የሚጎነጨው ያልተበረዘውን ዘይት ነው። ሎሚ ሎሚ የሚለው ባሕር ዛፍ ደግሞ ዘይቱ ሌላ ነው፤ የሚበዛበት ሲትሮኔላል ነው። ስለዚህ የትኛው ዓይነት እንደሆነ ያልተጻፈበትን ጠርሙስ እኔ አላምነውም። «ተፈጥሯዊ» ለሚለው፣ ኮሶም ተፈጥሯዊ ነው፤ የጠጡትን ጠይቂ።

አንዲት አያት፦
ልጄ፣ እኛም ስንታጠን ሕፃን አናስጠጋም ነበር። እኔ የፈላውን ድስት ጋቢ ውስጥ ስስብ ደፍቼው ጭኔ ላይ እስከ ዛሬ ጠባሳ አለ። እንፋሎቱንም ለሕፃን ተዪው።

ጠያቂዋ፦
እናቴ፣ እግዚአብሔር ይስጥልኝ። አንድ ነገር ግን ደብቄያችኋለሁ፤ ትናንት ጠዋት ክዳኑን ስከፍት ጣቱን ነክሮ ልሷል። ፊቱን አጨማደደና አለቀሰ፤ ከዚያ ግን ሲጫወት ዋለ።

የፋርማሲ ባለሙያ፦
ትናንት ከሆነና ዛሬ ደህና ከሆነ አትስጊ። ምልክቱ አብዛኛውን ጊዜ በግማሽ ሰዓት ውስጥ፣ አልፎ አልፎ እስከ 4 ሰዓት ዘግይቶ ይታያል፤ ማስመለስ፣ መፍዘዝ፣ እንቅልፍ እንቅልፍ ማለት። የጠጣ ልጅ ካጋጠመሽ ግን በግድ አታስመልሺው፤ ዘይቱ ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ምልክት ሳትጠብቂ ልጁንም ጠርሙሱንም ይዘሽ ወደ ሐኪም ቤት ሩጪ።

ጠያቂዋ፦
ጠርሙሷን ለጎረቤቴ መለስኩላት። ተቀይማለች።