ጉዞ ሲበላሽ እንዴት ነው ቀልባችሁን የምትሰበስቡት?

መንገደኛዋ፦
ሰላም ለሁላችሁም። ስንት ጊዜ ስመኘው የኖርኩት የእረፍት ጉዞ ገና ከጅምሩ ተበላሸብኝ። የመጀመሪያው በረራ ዘገየ፣ በእሱ ጦስ ተያያዡ በረራ አመለጠን፣ አሁን ትራንዚት ኤርፖርት ላይ ቁጭ ብለናል፣ ቀጣዩ ነገ ነው እያሉን ነው። ሻንጣዬ የት እንዳለ አላውቅም። አብራኝ ያለችው ጓደኛዬ ደግሞ «አትናደጂ፣ ሁሉም ለበጎ ነው» ትለኛለች። እሷ ይህን ባለች ቁጥር እኔ ይብስብኛል።

ገና ብዙ ቀን ይቀረናል። እሱን በንዴት ላጠፋው አልፈልግም። ግን ሆድ ከባሰው በኋላ በትእዛዝ ደስ አይለውም። እናንተ እንዲህ ሲገጥማችሁ ምን ታደርጋላችሁ? የእውነት የጠቀማችሁን ንገሩኝ። «ፈገግ በይ» እንዳትሉኝ ብቻ።

ክንፍ፦
አይዞሽ እህቴ። መጀመሪያ ነገር፣ መናደድሽ ልክ ነው። የጓጓሽለት ነገር ነው የተነካው። ትንሽ ተናደጂ፣ ማልቀስም ካማረሽ አልቅሺ፣ ማንም አይከለክልሽም። ንዴቱን ገና ከመምጣቱ ስታፍኚው ነው ቀኑን ሙሉ ተከትሎሽ የሚዞረው።

ከዚያ ወደ ሰውነትሽ ተመለሺ። ውሃ ጠጪ፣ የሆነ ነገር ብዪ፣ ጫማሽን ፈታ አድርገሽ ቁጭ በዪ። ቀላል ይመስላል፣ ግን ሰው ርቦትና እንቅልፍ አጥቶ ሳለ ትንሹም ነገር የዓለም ፍጻሜ ይመስለዋል። እኔ በደከመኝ ሰዓት ስለ ጉዞው አንድም ትልቅ ውሳኔ አልወስንም። «ይቅርብኝ፣ ወደ ቤቴ ልመለስ» የሚለው ሐሳብ ሁልጊዜ የሚመጣው ሌሊት ነው፣ ጠዋት ተኝቼ ስነሳ አብዛኛውን ጊዜ የለም።

ቀጥሎ ራስሽን አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቂ፦ በሚቀጥለው አንድ ሰዓት ውስጥ እኔ ላደርገው የምችለው ነገር ምንድን ነው? አውሮፕላኑን ማስነሳት አትችዪም። ለሆቴሉ ደውለሽ «ነገ ነው የምንደርሰው፣ ክፍሉን እንዳትሰርዙት» ማለት ግን ትችያለሽ። ይሄን አደራ አትርሺ፣ ብዙ ሆቴሎች እንግዳው በመጀመሪያው ሌሊት ሳይመጣ ከቀረ የቀሩትንም ቀናት ይሰርዛሉ። ካውንተሩ ጋ ሰልፍ ይዘሽም በስልክ ወይም በአየር መንገዱ አፕ መሞከር ትችያለሽ፣ ቀድሞ ያገኘሽው ያስተናግድሽ። ካውንተር ላይ ያለችውን ልጅ ደግሞ በደግነት አናግሪያት። ከጠዋት ጀምሮ ሰው ሲጮህባት ነው የዋለችው፣ በረራውንም ያዘገየችው እሷ አይደለችም። በትህትና የጠየቀ ሰው ስክሪኑ ላይ አንድ ሁለቴ ተጨማሪ ሲፈለግለት በዓይኔ አይቻለሁ።

ሰነድ ያዥ፦
ክንፍ የተናገረው ሁሉ ልክ ነው፣ እኔ ደግሞ ከሌላ በኩል ልምጣ። እኔን የሚያረጋጋኝ መብቴን ማወቅ ነው። ምን እንደሚገባህ ሳታውቅ ስትጠብቅ ነው ቆሽትህ የሚያርረው።

ዋናው ጥያቄ ትኬታችሁ አንድ ነው ወይስ ለየብቻ የተገዛ? ሁለቱም በረራዎች በአንድ ቡኪንግ ከሆኑ፣ የመጀመሪያው ዘግይቶ ሁለተኛው ቢያመልጣችሁ መጨረሻችሁ ድረስ የማድረስ ኃላፊነቱ የእነሱ ነው። ለየብቻ ከተገዛ ግን ሁለተኛው አየር መንገድ ብዙውን ጊዜ «አልመጣችሁም» ብሎ ይዘጋዋል። ሌላ ነገር፣ ሳትነግሯቸው በራሳችሁ ሌላ ትኬት ገዝታችሁ እንዳትሄዱ። የአንዱን በረራ ቦታ ሳይጠቀሙ ከቀሩ የቀሩት፣ መመለሻውም ጭምር፣ ሊሰረዙ ይችላሉ።

የአውሮፓ ኅብረት ደንብ ቁጥር 261/2004 የሚባል አለ። ከኅብረቱ አገሮች በሚነሳ በማንኛውም በረራ ላይ ይሠራል፣ ከውጭ ወደዚያ በሚገባም ላይ አየር መንገዱ የኅብረቱ ከሆነ። በእሱ መሠረት መጨረሻ መድረሻችሁ ላይ 3 ሰዓትና ከዚያ በላይ ዘግይታችሁ ከደረሳችሁና ጥፋቱ የአየር መንገዱ ከሆነ፣ እንደ ርቀቱ ከ250 እስከ 600 ዩሮ ካሳ አለ። መዘግየቱ በአየር ጠባይ ከሆነ ካሳው ይቀራል፣ ምግብና ማደሪያው ግን አይቀርም። እ.ኤ.አ. በ2010 የአይስላንዱ እሳተ ገሞራ የአውሮፓን ሰማይ ሲዘጋ ወደ 100,000 የሚጠጉ በረራዎች ተሰርዘው ነበር፣ የአውሮፓ ፍርድ ቤትም በ2013 በዚያው ጉዳይ ላይ ሲፈርድ አየር መንገዱ እንዲያ ባለው ጊዜ እንኳ መንገደኛውን የመንከባከብ ግዴታ አለበት ነው ያለው። በሌላው ዓለም ሕጉ እንደየአገሩ ስለሚለያይ የምትነሱበትን አገር ደንብ እዩ።

ስለ ሻንጣው፦ የሞንትሪያል ስምምነት የሚባለው የ1999 ውል አብዛኛውን ዓለም አቀፍ በረራ ይገዛል። ሻንጣ በ21 ቀን ውስጥ ካልደረሰ እንደጠፋ ሊቆጠር ይችላል። ዘግይቶ ከመጣ፣ ከተረከባችሁበት ቀን አንስቶ በ21 ቀን ውስጥ በጽሑፍ ማመልከት ነው፣ ተጎድቶ ከመጣ በ7 ቀን። መድረሻችሁ ላይ ሻንጣው ካልወጣ ከአዳራሹ ሳትወጡ አስመዝግቡ። ቦርዲንግ ፓሱን፣ የሻንጣውን ቁጥር፣ የምትበሉበትን ደረሰኝ ሁሉ ፎቶ አንሱ። ይሄ ሁሉ ወረቀት በንዴት መሐል ያደክማል፣ አውቃለሁ፣ ግን እጅሽ ሥራ ሲይዝ ሐሳብሽም አብሮ ይረጋል።

እርጋታ፦
የሁለታችሁንም ወድጄዋለሁ፣ አንድ ነገር ላይ ግን ጠንከር ልበል። የተበላሸ ጉዞ ሁሉ አንድ አይነት አይደለም። የእረፍት ጉዞ አንድ ቀን ሲያጥርና ሰው ለእናቱ ቀብር ሳይደርስ ሲቀር ሁለቱንም «ለበጎ ነው» ብሎ ማለፍ ግፍ ነው። ሁለተኛው ሐዘን ነው፣ ሐዘን ደግሞ ሰው አጠገብህ እንዲቀመጥ እንጂ እንዲመክርህ አይፈልግም። ስለዚህ ቀና ማሰብ ሲባል የሆነው ነገር ጥሩ ነው ብሎ ራስን መዋሸት እንዳይመስለን። የሆነው መጥፎ ነው። የቀረው ግን ገና አልተነካም።

አንቺ ግን መንገደኛዋ፣ ያንቺ የሚተርፍ ጉዞ ነው። ዛሬ ማታ ዕቅዱን አውጪና ከውስጡ የሄድሽበትን አንድ ዋና ነገር ምረጪ፣ ያንን እንዳትነኪው። ከሌላው ላይ ቀንሺ። ብዙ ሰው ጉዞውን የሚያበላሸው መዘግየቱ ሳይሆን የጠፋውን ቀን ለማካካስ ሲሮጥ ነው፤ የ5 ቀኑን በ4 ቀን አጭቆ፣ እንቅልፍ አጥቶ፣ አብሮት ካለው ሰው ጋር ተጣልቶ ይመለሳል። ሲቀንሱት ይቀላል። ጠዋት የሚነሱበት ሰዓት እንኳ ይስተካከላል።

መንገደኛዋ፦
ኧረ እግዚአብሔር ይስጥልኝ! ሰነድ ያዥ፣ ትኬታችን በአንድ ቡኪንግ ነው። ሄጄ ስጠይቅ ማደሪያ ሰጡን፣ ሻንጣችንም ነገ ከእኛው ጋር እንደሚጫን ነገሩኝ። ሆቴሉንም ደውዬ አሳውቄያለሁ። እንዴት ቀለል እንዳለኝ! የቀረችኝ ጓደኛዬ ናት። አሁንም «ለበጎ ነው» እያለች ነው፣ ልታጽናናኝ እንደሆነ ይገባኛል፣ መቆጣትም አልፈለግኩም። ምን ልበላት?

እርጋታ፦
እንዲሁ በቀጥታ ንገሪያት። «ምክር አልፈልግም፣ ለአሥር ደቂቃ ስሚኝ ብቻ» በያት። አሥር ደቂቃው ሲያልቅ ያንቺን ወሬ አቁሚና «አንቺስ እንዴት ነሽ?» ብለሽ ጠይቂያት። እሷም እኮ ጉዞው ተበላሽቶባታል። ያ ሁሉ «ለበጎ ነው» የራሷን ጭንቀት የምታባብልበት ሊሆን ይችላል።

ክንፍ፦
ይሄ የመጨረሻው ልክ ነው። ሥራም ተከፋፈሉ፣ አንዳችሁ በረራውን ተከታተሉ፣ አንዳችሁ ሆቴሉንና ዕቅዱን። ሁለት ሰው አንድ ስክሪን ላይ ሲያፈጥ ጭንቀቱ እጥፍ ነው። አሁን ስልካችሁን ቻርጅ አድርጋችሁ ተኙ። ጠዋት ከማደሪያው ከመውጣታችሁ በፊት የበረራውን ሰዓትና በር እንደገና እዩት፣ በሌሊት የሚቀያየርበት ጊዜ አለ። መልካም መንገድ!