የብረት እንክብል በጾም፦ በየቀኑ ወይስ አንድ ቀን እየዘለሉ?
ሄሞግሎቢኔ 10.8፣ ፌሪቲኔ (በሰውነት የተከማቸውን ብረት የሚያሳየው ምርመራ) 9 ነው፤ እርጉዝ አይደለሁም። የታዘዘልኝ 325 ሚሊግራም ፌረስ ሰልፌት ሲሆን ንጹሕ ብረቱ 65 ሚሊግራም ነው። በባዶ ሆድ ስወስደው ክፉኛ ያቅለሸልሸኛል፣ የሆድ ድርቀትም አለው። ከምግብ ጋር ስወስደው ይቀለኛል፤ ግን በጤፉና በምስሩ ውስጥ ያለው ፋይቴት የተባለ ንጥረ ነገር ብረቱን ስለሚይዘው ወደ ደም የሚገባው ይቀንሳል። ጾም ስለሆነ ሥጋ የለም። ቡናና ሻይ ከእንክብሉ ሁለት ሰዓት አርቄያለሁ፤ ምስር ወጡ ላይ ሎሚ እጨምቃለሁ፣ ቃሪያውን በጥሬው እበላለሁ፣ እንጀራውም በደንብ የቦካ ነው (መቡካቱ ፋይቴቱን ይቀንሰዋል)። እንክብል በተወሰደ ማግስት ሄፕሲዲን የተባለው ሆርሞን ከፍ ብሎ የሚቀጥለውን ብረት እንደሚገታም አውቃለሁ። ታዲያ እስከ ፋሲካ በየቀኑ ከምግብ ጋር ልቀጥል ወይስ አንድ ቀን እየዘለልኩ በባዶ ሆድ ከብርቱካን ጭማቂ ጋር ልውሰደው?