የግጭት ምልክት ነው ወይስ የላላ ምት (ማተሚያው ሳንቲሙን በደንብ ሳይመታው የቀረ)?

ገና ያልተፈቱ 6 ጥቅል አዳዲስ ሳንቲሞች ገዝቼ ነበር፣ እያንዳንዱ 50 ፍሬ። የምፈልገው የሳንቲም ጥራት በሚለካበት የ70 ነጥብ የደረጃ መለኪያ 67 እና ከዚያ በላይ የሚያገኝ ሳንቲም ነው። ጠርዙን ብቻ ይዤ፣ በአንድ የጠረጴዛ መብራት ሥር እያዘነበልኩ፣ በ5 እጥፍ አጉሊ መነጽር አየኋቸው። የጥቅሉ ጫፍና ጫፍ ላይ ያሉትን ወዲያው ጣልኩ፤ መጠቅለያ ማሽኑ ክብ አድርጎ ፍቋቸዋል።

ከ300ው የተረፉኝ 7 ናቸው፤ ችግሬም እነሱ ናቸው። ሳዞራቸው ብርሃኑ ፊታቸው ላይ እንደ ብስክሌት ጎማ ይሽከረከራል። በምስሉ ዙሪያ ያለው ባዶ ሜዳም ጥርት ያለ ነው። ግን የምስሉ ጉንጭ ላይ፣ ከፍ ባለው ቦታ፣ እንደ ፈንጣጣ ጠባሳ ያሉ ጥቃቅን ጉድጓዶች አሉ። መጀመሪያ ከሌላ ሳንቲም ጋር ተጋጭተው የመጡ መሰለኝ። ኋላ ሳይ ሰባቱም ላይ እዚያው ቦታ ናቸው። ግጭት እንዲህ ቦታ ይመርጣል እንዴ? ምናልባት ምቱ ላልቶ፣ ብረቱ የማተሚያውን ጥልቅ ቦታ ሳይሞላ ቀርቶ፣ ከመታተሙ በፊት የነበረው ሻካራነት ይሆናል። በ10 እጥፍም አልለይልኝ አለ። በጨርቅ ልጠርጋቸው ሁሉ አምሮኝ ነበር፤ ደግነቱ እጄን ሰበሰብኩ።

የግጭት ምልክትንና የላላ ምትን የምትለዩት ምኑን አይታችሁ ነው?