ክረምት ላይ አዲስ አበባ ውስጥ የሥዕል ኤግዚቢሽን የት ይታያል?

የጎፋዋ
ሰላም ለዚህ ቤት። ታናሽ እህቴ 10ኛ ክፍል ጨርሳ ክረምቱን ቤት ቁጭ ብላለች። ሥዕል ትወዳለች፣ እጇም አይታማም። የሒሳብ ደብተሯን ከኋላ ብትገልጡት እስከ መሃል ድረስ ፊት ብቻ ነው፤ የጎረቤት ፊት፣ የታክሲ ረዳት ፊት፣ የእኔም አለ (አፍንጫዬን ለምን እንዳሳደገችው አላውቅም)። ችግሩ እስከ ዛሬ ያየችው ሥዕል ሁሉ ስልክ ላይ ነው። ቲክቶክና ፒንተረስት። እውነተኛ ሸራ ፊት ለፊት ቆማ አታውቅም። እኔም ብሆን ከብሔራዊ ሙዚየም ውጪ የማውቀው ቦታ የለም፣ እሱንም ተማሪ እያለን ድንቅነሽን አይተን ተሰልፈን ነው የወጣነው።

ሐምሌና ነሐሴ ላይ ምን የሚታይ ነገር አለ? ጋለሪዎቹስ ዝም ብሎ ይገባባቸዋል ወይስ የሚገዛ ሰው ብቻ ነው የሚፈልጉት? ባለፈው አንዱ በር ላይ ደርሰን ጥበቃው ከእግር እስከ ራሳችን ሲያየን ጊዜ አፍረን ተመለስን። በጀታችን የታክሲና የማኪያቶ ነው።

ሸራና ቡርሽ
እኔ ብሆን ከአርት ስኩል ነበር የምጀምረው። አለ ፈለገሰላም የሥነ ጥበብና ዲዛይን ትምህርት ቤት ማለቴ ነው፣ ሠዓሊው አለ ፈለገሰላም በ1950 ዓ.ም. የመሠረቱት፣ አሁን በአዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ ሥር ያለው። ዓመቱ ሲያልቅ ተመራቂዎች ሥራቸውን ለሕዝብ ያሳያሉ። ቀኑ ከዓመት ዓመት ይለዋወጣል፣ ስለዚህ ገጻቸውን እዩ ወይ በአካል ሄዳችሁ ጠይቁ። ሥዕል ብቻ አይደለም፣ ቅርጻ ቅርጽ አለ፣ ኅትመት አለ፣ ዲዛይን አለ።

ለምን እዚያ አልኩ? ተመራቂዎቹ ሥራቸው አጠገብ ቆመው ይጠብቃሉ። ሰው መጥቶ እንዲጠይቃቸው አንጀታቸው እያረረ ነው። እህትሽ «ይሄን ጥላ በምን ሠራኸው?» ካለች ልጁ ግማሽ ሰዓት ያወራታል። የታዋቂ ሠዓሊ ሥራ ስታይ «እኔ የት እደርሳለሁ» ልትል ትችላለች፣ ከእሷ ጥቂት ዓመት የሚበልጥ ልጅ የሠራውን ስታይ ግን መንገዱ ይታያታል። ሸራ ከመወደዱ የተነሳ ማዳበሪያ ከረጢት ላይ፣ ካርቶን ላይ፣ አሮጌ በር ላይ የሚሠሩ አሉ። ጠጋ ብላ ጠርዙን ትይ። የቀለሙ ውፍረት፣ የተፋቀው ቦታ፣ ተሰርዞ ከስር ብቅ ያለው የእርሳስ መስመር፣ ይሄ ሁሉ ስልክ ላይ አይታይም።

ደግሞ አንድ ነገር ያዙ። ትምህርት ቤቱ ሲቀበል በእጅ የመሳል ፈተና አለ፣ የማትሪክ ውጤት ብቻውን አይበቃም። 10ኛ ከጨረሰች ጊዜ አላት፤ ምን ዓይነት ሥራ ይዞ መቅረብ እንደሚያዋጣ እዚያው ያሉትን ልጆች ትጠይቅ።

ሐቁን_ልናገር
ይቅርታ ግን ሸራና ቡርሽ ነገሩን አሳመርከው። የአዲስ አበባ ጋለሪ የፈረንጅና የባለ ገንዘብ ነው፣ አለቀ። ዋጋው በዶላር የሚጻፍበት ቤት አይቻለሁ። ከሥዕሉ ስር ያለው ጽሑፍ በእንግሊዝኛ ብቻ፣ የመክፈቻ ንግግሩም በእንግሊዝኛ። የጎፋዋን ልጅ ጥበቃው እንዲያ ቢያያት አይገርምም፣ ሲያሠለጥኑት እንደዚያ ነው። ከዚያ «ሕዝቡ ለጥበብ ፍቅር የለውም» ብለው ሬዲዮ ላይ ያለቅሳሉ።

ድሮ_ጋለሪ_ነበርኩ
ሐቁን ልናገር፣ ስለ እንግሊዝኛው ልክ ነህ፣ እኔም ሁልጊዜ እበሳጭበት ነበር። ስለ መግባቱ ግን ልጅቷን አታስፈራራት።

እኔ እዚህ ከተማ አንድ ጋለሪ ውስጥ ሠርቻለሁ፣ ስሙ ይቅር። የማውቀው ጋለሪ ሁሉ መግቢያ አያስከፍልም። ሱቅ ነውና ገዢ ይፈልጋል፣ እውነት ነው፣ ግን ባዶ አዳራሽ ለገዢም ደስ አይልም። ሰው እየገባ እየወጣ ከሆነ ለእኛ ጥሩ ነበር። ስለዚህ የጎፋዋ፣ በር ላይ «ኤግዚቢሽኑን ለማየት ነው» በይና ግቢ። ከዚያ በላይ ማብራሪያ አያስፈልግም። ውስጥ ደግሞ ስለ ሥራዎቹ የተጻፈ ወረቀት ካለ ጠይቂ፣ የሠዓሊው ታሪክና የሥራዎቹ ዝርዝር አለበት፣ ይሰጡሻል። ከሥዕሉ ጎን ቀይ ነጥብ ካያችሁ ተሽጧል ማለት ነው።

የመክፈቻ ቀን የሚመቻችሁ ከሆነ እሱን አታሳልፉ። ሠዓሊው ራሱ ይኖራል፣ ጓደኞቹ ይኖራሉ፣ ቆሎና ወይን ይዞራል፣ ማንም ማንን አያውቅም። የሚነገረው በኢንስታግራምና በቴሌግራም ነው፣ በጋዜጣ አትጠብቁ። ክረምት ላይ ዲያስፖራው ስለሚገባ አንዳንድ ጋለሪ ደህና ነገር ይሰቅላል። የውጭ አገር የባህል ማዕከላት ግን አንዳንዶቹ ነሐሴ ላይ ይቀዘቅዛሉ፣ ወይ ይዘጋሉ፣ ሳትደውሉ እንዳትሄዱ።

እህትሽ ፊት የምትስል ከሆነ ሁለት ሰው ልጥቀስላት። አንዱ ታደሰ መስፍን ነው፣ አርት ስኩል ለረጅም ዓመታት ያስተማረ። ጉልት የሚቸረችሩ ሴቶችን ቀጥ አድርጎ ያቆማቸዋል፤ ረጃጅም፣ እንደ ምሰሶ። በየቀኑ አልፈናቸው የምንሄደውን ሴቶች እኮ ነው። አዲስ ፋይን አርት የሚባለው ጋለሪ ሥራዎቹን ውጭ ድረስ ወስዶ አሳይቷል። ሌላው ተስፋዬ ኡርጌሳ ነው፣ እሱም እዚሁ ተምሮ በኋላ ጀርመን የቀጠለ። በ2024 እ.ኤ.አ. ኢትዮጵያ ጣልያን አገር በሚካሄደው ትልቁ የዓለም የሥዕል ትርኢት፣ ቬኒስ ቢየናሌ ላይ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ የራሷ ማሳያ (ፓቪሊዮን) ሲኖራት የእሱ ሥራ ነው የቀረበው። ሰውነቱ የተጣመመ፣ ዓይኑ አፍጥጦ የሚያይ ሰው ነው የሚስለው፣ ቆንጆ ፊት አትጠብቅ።

ጡረተኛው መምህር
ልጄ፣ ሁሉም ስለ አዲሱ አወሩ፣ እኔ ወደ አሮጌው ልውሰድሽ። ስድስት ኪሎ ዩኒቨርሲቲው ግቢ ውስጥ የኢትዮጵያ ጥናትና ምርምር ተቋም ሙዚየም አለ። ቤቱ ራሱ የጃንሆይ ገነተ ልዑል ቤተ መንግሥት የነበረ ነው፣ መኝታ ክፍላቸው እስከ ዛሬ ይታያል። እኛ የምንፈልገው ግን የቤተ ክርስቲያን ሥዕሎቹን ነው። በእንጨት ገበታ ላይ የተሣሉ፣ አንዳንዶቹ የመቶዎች ዓመት ዕድሜ ያላቸው። አብዛኛውን ስብስብ የጀመሩት ስታኒስላቭ ሆይናትስኪ የሚባሉ የፖላንድ ሰው ናቸው፣ የቤተ መጻሕፍቱ ኃላፊ የነበሩ።

እዚያ ስትቆሙ እህትሽን ዓይን እንድትቆጥር አድርጊያት። በአገራችን የሥዕል ልማድ ጻድቅ ሰው ፊት ለፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል። ሰይጣን፣ ይሁዳ፣ ጨካኝ ንጉሥ ከጎን ይሣላል፣ አንድ ዓይን ብቻ። ይሄ ልማድ ወደ ዓድዋ ሥዕልም ተሻግሯል፤ የእኛ ሰዎች ሁለት ዓይን፣ ጣልያኖቹ አንድ ዓይን። ቅዱስ ጊዮርጊስ ደግሞ ከላይ በፈረሱ። ፊት ለምትስል ልጅ ከዚህ የተሻለ ትምህርት የት አለ? ሠዓሊው ማንን እንደሚወድና ማንን እንደሚጠላ ቃል ሳይጽፍ ነግሮሻል።

ስትወጡ ደጅ ላይ ሽቅብ ወጥቶ የትም የማይደርስ ደረጃ አለ። ጣልያን በወረራው ጊዜ የሠራው ነው፣ እያንዳንዱ ደረጃ ሙሶሊኒ ሥልጣን ላይ የቆየበትን ዓመት እንዲቆጥር። ነፃነት ሲመለስ አናቱ ላይ የድንጋይ አንበሳ ተቀመጠበት።

ብሔራዊ ሙዚየምንም አትናቁት። ሁሉም ድንቅነሽን አይቶ ይወጣል። አንድ ፎቅ ሽቅብ ብትሉ ሥዕል አለ፣ የአፈወርቅ ተክሌ ትልቁ ሥራ ጭምር። የሚያሰልፍ መምህር በሌለበት በደንብ እዩት።

የጎፋዋ
ወይኔ፣ ይሄን ሁሉ አልጠበቅኩም። መምህር እግዚአብሔር ይስጥልን፣ የዓይኑን ነገር ነግሬያት አሁኑኑ ቤት ያለውን የመድኃኔዓለም ሥዕል አውርዳ እያየች ነው፣ እናቴ ተቆጥታለች።

ሁለት ጥያቄ ልጨምር። ሙዚየም ውስጥ ቁጭ ብሎ መሳል ይቻላል? ፎቶስ? ደግሞ ዝናቡን አስቡልኝ፣ ከሰዓት በኋላ ሲወርድ ከጎፋ ስድስት ኪሎ መሄድ ጣጣ ነው።

ሸራና ቡርሽ
እርሳስና ደብተር ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፣ ቀለምና ውሃ ግን አይሆንም፣ ለጥበቃው ቀድማችሁ ንገሩት። ፎቶ ከቤት ቤት ይለያያል፣ ፍላሽ በፍጹም። እኔ ግን የምመክራት ስልኩን ቦርሳ ውስጥ ከታ አንድ ሥዕል መርጣ ፊቱ ተቀምጣ እንድትገለብጥ ነው። አንዱን በደንብ። አሥሩን ሮጣ ከምታይ ይሻላታል።

ለዝናቡ ጠዋት ሂዱ፣ ሌላ መላ የለውም። እዚያው ስድስት ኪሎ አካባቢ ደግሞ የገብረ ክርስቶስ ደስታ ማዕከል አለ፣ የዩኒቨርሲቲው የዘመናዊ ሥነ ጥበብ ሙዚየም። ከመምህሩ ሙዚየም ጋር በአንድ ጠዋት ያልቃል። ገብረ ክርስቶስ ሐረር ተወልዶ ጀርመን ኮሎኝ የተማረ ሰው ነው፣ አባቱ አለቃ ደስታ የቤተ ክርስቲያን ሠዓሊ ነበሩ። ስለዚህ መጀመሪያ የመምህሩን ሥዕሎች አይታችሁ ከዚያ ወደ እሱ ብትሻገሩ አባትና ልጅን በተከታታይ እንዳያችሁ ቁጠሩት። ልጁ ፊትን ጥሎ ወደ ቀለምና ቅርፅ ነው የሄደው፤ በጊዜው «ይሄ ደግሞ ምንድን ነው» ተብሎበታል፣ አሁንም የሚል አለ። ተዘዋዋሪ ኤግዚቢሽንም ያሳያሉ። ሠዓሊዋ ጁሊ ምሕረቱ በ2016 እ.ኤ.አ. ሥራዎቿን ያሳየችው እዚያ ነው፣ በክረምት። ኒውዮርክ ሰው ተሰልፎ የሚያየውን እኛ በጃንጥላ ሄደን አየነው።

ጭቃ_ወዳጅ
ዞማ ሙዚየምን ማንም አልጠቀሰም? መካኒሳ በኩል ነው፣ ለጎፋ ሰው እኮ ቅርብ ነው! መስከረም አሰግድና ኤልያስ ስሜ የሠሩት፣ በ2019 እ.ኤ.አ. የተከፈተ። ግንቦቹ የጭቃና የጭድ ናቸው፣ እንደ አያቶቻችን ቤት፣ ግን ግድግዳው ላይ የተሠራውን ቅርጽ በእጅሽ ካልነካሽው አታምኚም (አትንኪ ግን)። ክረምት ላይ አትክልቱ እንዴት እንደሚሆን አልነግርሽም። መግቢያ ያስከፍላል፣ ለአገር ሰው ያለውን ዋጋ ደውላችሁ ጠይቁ። ጫማችሁን አስቡበት፣ ነጭ ስኒከር አይሆንም።

የኤልያስ ሥራ የትም ቢገጥማት ትይ። ከመርካቶ የተገዛ የኮምፒውተር ሆድ ዕቃ፣ ገመድ፣ ቁልፍ፣ ያንን ሁሉ እየጠለፈና እየቸነከረ ነው የሚሠራው። ከሩቅ ሲያዩት ከአውሮፕላን የታየ እርሻ ይመስላል፣ ቀረብ ስትይ ኪቦርድ ነው። ቀለም ተወደደ ለሚል ሁሉ መልስ ነው።

ሐቁን_ልናገር
ዞማን እቀበላለሁ። ሌላው ላይ አቋሜ እንዳለ ነው። ግን ነፃ ነው ካላችሁ አንድ ቀን ገብቼ አያለሁ፣ ጥበቃው ካባረረኝ እዚሁ መጥቼ እጽፋለሁ።

የሲልቨር_ስፕሪንጉ
ከዲሲ ነኝ። እዚህ ሙቀቱ ገድሎናል፣ ልጆቹን ይዤ የምሸሸው ስሚዝሶኒያን ሙዚየሞች ነው፣ ኤሲ አለ፣ መግቢያው በነፃ። የአፍሪካ ጥበብ ሙዚየሙ ለእኛ የተለየ ነው። ሠዓሊው እስክንድር ቦጎሲያን እዚሁ ሃዋርድ ዩኒቨርሲቲ ለብዙ ዓመት አስተምሯል፣ በ2003 እ.ኤ.አ. እስኪያርፍ ድረስ ኑሮው እዚህ ነበር። ኤምባሲያችን ግድግዳ ላይ ከሠዓሊዋ ከበደች ተክለአብ ጋር በ2001 እ.ኤ.አ. የሠሩት ትልቅ የአሉሚኒየም ሥራ አለ፣ ፓስፖርት ሊያሳድሱ የሄዱ ሰዎች ቁጥር ሲጠብቁ ጀርባቸውን ሰጥተውት ይቆማሉ። እዚህ ያላችሁ ቀና ብላችሁ እዩት።

የጎፋዋ፣ ለእህትሽ ከተፈቀደ አፍሪካ አዳራሽንም ጨምሪበት። የአፈወርቅ ተክሌ ባለ ቀለም መስታወት 150 ካሬ ሜትር ነው፣ አዳራሹ ታድሶ በ2017 ዓ.ም. ተመርቋል። የተባበሩት መንግሥታት ግቢ ስለሆነ ቀድሞ መመዝገብና መታወቂያ ይፈልጋል።

ድሮ_ጋለሪ_ነበርኩ
እሱ ላይ አንድ ነገር፦ መስታወቱ ብርሃን ይፈልጋል። ጥቁር ደመና ባለበት ቀን ከሄዳችሁ ግማሹን አላያችሁትም። ቀኑን መምረጥ ከቻላችሁ ወደ ጳጉሜን አካባቢ አድርጉት፣ ፀሐይ ብቅ ማለት ስትጀምር።

የጎፋዋ
እሺ ተወሰነ። ቅዳሜ ጠዋት ስድስት ኪሎ፣ ሁለቱም ሙዚየም። ዞማ በሳምንቱ። አርት ስኩል ሰኞ ደውዬ የምሩቃኑን ቀን አጣራለሁ፣ ካለፈም ለሚመጣው ዓመት እንይዘዋለን። ጋለሪው በር ላይ ደግሞ ሐቁን ልናገር አብሮን ይምጣ፣ እሱ ያውራልን።

ሐቁን_ልናገር
ማኪያቶው በማን ነው?