ኮንትራት ሊያልቅ ሲል መቼ እንጠይቅ?

ሰላም ለሁላችሁም።

እህታችን ትናንት የጻፈችውን አንብቤ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። የ6 ወር ኮንትራቷ ሊያልቅ 7 ሳምንት ቀርቶታል። ማናጀሯ ስለ ማራዘም እስካሁን ትንፍሽ አላለም። «አሁን ብጠይቅ የቸገረኝ ይመስልብኝ ይሆን? ወይስ እነሱ እስኪያነሱት ልጠብቅ?» ትላለች።

እህቴ፣ አንቺ እያልኩ ልጻፍልሽ። አትጠብቂ። በዚህ ሳምንት ጠይቂ።

እኔ የመጀመሪያ ኮንትራቴ ላይ ጠብቄ ነበር። ሥራው ጥሩ ነበር፤ ከሰዎቹም ጋር ተግባብተናል። አለቃዬ በየስብሰባው «ቀጣዩን ዙር አንተ ትይዘዋለህ» ይለኛል። ይህን እንደ ውል ቆጠርኩት። ከዚያ ወዲያ መጠየቅ ሰውየውን አለማመን መሰለኝ፤ ይሉኝታ ያዘኝ። በመጨረሻው ሳምንት እሱ እረፍት ወጣ። ሰኞ ጠዋት ባጄን በሩ ላይ ሳስነካ ቀይ መብራት በራ። ደግሜ አስነካሁ፤ አሁንም ቀይ። ጥበቃው ስክሪኑን አየና «ያንተ እኮ አርብ አልቋል» አለኝ። ምሳዬ ቦርሳዬ ውስጥ እንዳለ ወደ ቤት ተመለስኩ።

ያለ ገቢ ከ3 ሳምንት በላይ ተቀመጥኩ። የሚያሳዝነው፣ «አንፈልግህም» ያለ ሰው አልነበረም። አለቃዬ ሲመለስ ራሱ ደነገጠ። የሰው ኃይል ክፍሉ ጨርሶታል ብሎ አስቦ ነበር። እነሱ ደግሞ የእሱን ጥያቄ ሲጠብቁ ነበር።

ስለዚህ ዋናው ነገር ይህ ነው፦ ማናጀርሽ ስለወደደሽ ብቻ ኮንትራት አይራዘምም። እሱ ጥያቄ ያቀርባል፤ በጀቱን የያዘው ሰው ይፈቅዳል፤ ፋይናንስ ያያል፤ ግዢ ክፍል አዲስ ትዕዛዝ ያወጣል፤ በኤጀንሲ ከሆነም ወረቀቱ ወደ ኤጀንሲው ይሄድና መጨረሻ ላይ ወደ አንቺ ይመጣል። አንዱ ጋ ሳምንት ይተኛል፤ ሌላው ጋ ሰው እረፍት ላይ ነው። አንቺ በመጨረሻው ሳምንት ስትጠይቂ ሁሉም ቢስማሙ እንኳን ወረቀቱ አይደርስም።

እኔ አሁን የምከተለው እንዲህ ነው። ለ6 ወር ኮንትራት 8 ሳምንት ሲቀረው አነሳዋለሁ፤ 4 ሳምንት ሲቀር ደግሞ ቁርጡን ማወቅ እፈልጋለሁ። ኮንትራቱ የ3 ወር ከሆነ ግማሹ እንዳለፈ እጠይቃለሁ። የዓመት ከሆነ 3 ወር ቀደም ብዬ። ውሉ ላይ ያለውን የማስጠንቀቂያ ጊዜም እዩት። 4 ሳምንት የሚል ከሆነ ወሬው ከዚያ በፊት መነሳት አለበት።

የደንበኛችሁ፣ ማለትም የምትሠሩለት ድርጅት፣ የበጀት ዓመት መቼ እንደሚዘጋም እወቁ። ይህን ብዙ ሰው ይረሳዋል። የአሜሪካ ፌዴራል መንግሥት በጀት መስከረም 30 ላይ ይዘጋል (እዚህ ያሉት ቀኖች ሁሉ በፈረንጆቹ ናቸው)። የእንግሊዝና የካናዳ መንግሥታት መጋቢት 31፣ የአውስትራሊያ ሰኔ 30 ነው። ብዙ የግል ድርጅቶች ታኅሣሥ 31 ይዘጋሉ። ኮንትራታችሁ ከዚያ ቀን ትንሽ አለፍ ብሎ የሚያልቅ ከሆነ፣ የሚቀጥለው ዓመት ገንዘብ ሲደለደል ስማችሁ መኖር አለበት። ድልድሉ ካለቀ በኋላ የሚወዳችሁ ማናጀርም እጁ ባዶ ነው።

ሌላው ጣሪያው ነው። ብዙ ትላልቅ የአሜሪካ ኩባንያዎች ኮንትራክተርን ከ18 ወር ወይም ከ2 ዓመት በላይ አያቆዩም። ይህ ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ማይክሮሶፍት ለዓመታት ያሠራቸው ጊዜያዊ ሠራተኞች «እኛም ሠራተኞች ነን» ብለው በፈረንጆቹ 1992 ከሰሱት፤ ነገሩ በ2000 ወደ 97 ሚሊዮን ዶላር በሚጠጋ ስምምነት አለቀ። ከዚያ ወዲህ ኩባንያዎች ፈሩ። ጀርመን ያላችሁ ደግሞ በኤጀንሲ በኩል አንድ ድርጅት ውስጥ የምትሠሩ ከሆነ፣ ሕጉ ራሱ በመርህ ደረጃ ከ18 ተከታታይ ወር በላይ አይፈቅድም። እንግሊዝ በራሳችሁ ኩባንያ የምትሠሩ፣ አንድ ቦታ ከ24 ወር በላይ እንደምትቆዩ ካወቃችሁበት ቀን ጀምሮ የጉዞ ወጪያችሁን ከታክስ መቀነስ ይቆማል። 24ኛው ወር እስኪደርስ አይጠብቅም። ማራዘሚያ ከመፈረማችሁ በፊት ለሒሳብ ሠራተኛችሁ ንገሩ።

አሁን እንዴት እንደሚጠየቅ። መጨነቅሽን አትንገሪው፤ ስለ ሥራው አውሪ። የጨረስሽው ነገር ባለበት ሳምንት ይሁን፤ ሁለታችሁ ብቻ ስትሆኑ። እኔ እንዲህ ነው የምጽፈው፦

«ኮንትራቴ በዚህ ቀን ያልቃል። የተጀመረው ሥራ ከዚያ በኋላም ወደ 2 ወር ገደማ ይፈልጋል ብዬ አስባለሁ። መቀጠል እፈልጋለሁ። እናንተስ ምን አስባችኋል? በዚህ ወር መጨረሻ ብትነግሩኝ ቀጣዩን ሥራዬን ለማቀድ ይረዳኛል።»

በቃ። ልመና የለበትም፤ ማስፈራሪያም የለበትም። ማናጀሩ ብዙ ጊዜ «ውይ፣ ጥሩ አስታወስሽኝ» ነው የሚለው። እሱም አንቺን አጥቶ አዲስ ሰው ከማሠልጠን ይተርፋል።

በቃል «ትቀጥያለሽ» ካለሽ ደስ ይበልሽ፤ ግን ሲቪሽን አትዝጊ። እስክትፈርሚ ድረስ ሌላ ቦታም ጠይቂ። የድሮው ውል ካለቀ በኋላ ያለ አዲስ ወረቀት አንድ ቀንም አትሥሪ፤ ያንን ቀን ማን እንደሚከፍልሽ አታውቂም። ቪዛቸው ከኮንትራቱ ጋር የተያያዘ ደግሞ ከእኔ ቁጥር ላይ ቢያንስ አንድ ወር ይጨምሩበት። የእነሱ ወረቀት ሌላ መሥሪያ ቤትም ይጠብቀዋል።

ወንድማችን ከታች ስለ ክፍያ ጭማሪ ጠይቋል። ጭማሪው ከማራዘሙ ጋር አብሮ ይነሳ። ፈርመህ ከጨረስክ በኋላ ብትጠይቅ እስከሚቀጥለው ዙር ጠብቅ ይሉሃል። ቁጥሩን አንተ ቀድመህ ተናገር፤ ከጀመርክ ወዲህ የተጨመረብህን ሥራም አብረህ ዘርዝር።

እህቴ፣ ሐሙስ ከማናጀርሽ ጋር ትገናኛላችሁ ብለሻል። እዚያው አንሺው፤ ከሰዓት በኋላ ደግሞ ያወራችሁትን በአጭር ኢሜይል ላኪለት፤ በጽሑፍ ይኑርሽ። ከመላክሽ በፊት ሰው እንዲያየው ከፈለግሽ በውስጥ መስመር ላኪልኝ። ማታ ከ2 ሰዓት በኋላ አነበዋለሁ።